ኔትወርኩ ሲወድቅ የሚቀረው መስመር

ሰኞ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ በዝቶባት ውላለች። አዲሱ መንግሥት የተመሠረተውና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በዚያ ዕለት ነበር። አመሻሹ ላይ፣ ሰው የቀኑን ውሎ በስልኩ በሚያይበት ሰዓት፣ ፌስቡክ ቀጥ አለ። ሰዓቱ 12 ከ40 ገደማ ነው። ኢንስታግራምና ዋትስአፕም ተከተሉት። ቤይሩት ላለች እህቱ የጻፈ ሰው መልእክቱ አልሄድ አለው። ስልክ አጥፍቶ ማብራትም ሆነ ሲም ካርድ አውጥቶ መመለስ የሚፈይደው ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱ ያለው ሌላ አህጉር ላይ ነው። አገልግሎቱ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው በኢትዮጵያ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነበር።

የኩባንያው የመሠረተ ልማት ኃላፊ ሳንቶሽ ጃናርድሃን የሆነውን ነገር ወዲያው በጽሑፍ አስረድተዋል። የፌስቡክን ዳታ ሴንተሮች በዓለም ዙሪያ የሚያያይዘው ዋና መስመር ጥገና ላይ ነበር። የመስመሩን አቅም ለመመርመር የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ሳይታሰብ መስመሩን በሙሉ ቆረጠው። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ እንዳያልፍ የሚፈትሽ ፕሮግራም ነበራቸው፤ እሱም ስህተት ስለነበረበት አሳለፈው። የኩባንያውን አድራሻ ለኢንተርኔት የሚነግሩት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ደግሞ ከዳታ ሴንተር ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው ራሳቸውን ከአገልግሎት እንዲያወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንደተሠሩትም አደረጉ። ከዚያ በኋላ ወደ ፌስቡክ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ጠፋ።

ስህተቱን ማረም በራሱ ይህን ያህል ሰዓት ባልወሰደ ነበር። ነገር ግን የሚያርሙት ባለሙያዎች ወደ ራውተሮቹ የሚገቡት በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሆኑ። በሙያው «አውት ኦፍ ባንድ» የሚባለው፣ ከዋናው ኔትወርክ ውጭ ሊሠራ የሚገባው መጠባበቂያ መግቢያም አብሮ ጠፋ። የቀረው ምርጫ ሰው ወደ ዳታ ሴንተሮቹ መላክ ነበር። እዚያም ጊዜ ሄደ፤ ሕንፃዎቹ ማንም ዘው ብሎ እንዳይገባባቸው የተሠሩ ናቸው፣ መሣሪያዎቹም ፊታቸው የቆመ ሰው እንኳ በቀላሉ እንዳይለውጣቸው ተደርገው ነው የተዘጋጁት።

ኔትወርክ ካጣ ራውተር ወይም ስዊች ፊት የደረሰ ባለሙያ የሚፈልገው መሰኪያ በየትም አገር አንድ ነው። ሲሪያል ኮንሶል።

ይህ መስመር ከኢንተርኔት ይቀድማል። አርኤስ-232 የተባለው መሥፈርት በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ የዋለው ቴሌታይፕ 33፣ ለኮምፒውተር ትእዛዝ ይጻፍበትና መልስ ይነበብበት የነበረው የወረቀት ማሽን፣ በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ያትም ነበር። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ቢት በሰከንድ የሚያሻግር ራውተር ጀርባው ላይ ያው አዝጋሚ መስመር መሰኪያ ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። አምራቾቹ ይህን ያደረጉት ለልማድ ብለው አይደለም። ለመሠረታዊ ንግግር ሦስት ሽቦ ይበቃዋል፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሦስተኛው የጋራ ግራውንድ ነው። በሽቦው ላይ ከ3 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭ ከሆነ ዜሮ፣ በዚያው መጠን ኔጋቲቭ ከሆነ አንድ ይባላል። እያንዳንዱ ፊደል 8 ቢት ነው፤ መጀመሩንና ማለቁን የሚያሳውቁ ሁለት ቢቶች ሲጨመሩበት 10 ይሆናል። በሰከንድ 9600 ቢት የሚያስኬድ መስመር እንግዲህ 960 ፊደል ያሻግራል፤ ለሚያነብ ሰው ዓይን ይበቃል።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን ነገሮች ማየት ይገባል። አይፒ አድራሻ የለም። ዲኤንኤስ የለም። ስዊች፣ ፋየርዎል፣ ቪፒኤን የለም። መሣሪያው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ገና ሳይጭን፣ ኃይል ባገኘ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ በዚህ መስመር መናገር ይጀምራል። የሚበላሽ ነገር ስላነሰ፣ ሌላው ሁሉ ሲበላሽ ይህ ይቀራል።

ጅማ ባለ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ ስዊች ፊት ቆማለች እንበል። መብራት ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ስዊቹ አልተነሣም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ ሊገቡበት ቢሞክሩ አይመልስም። ደንበኛ ተሰልፏል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» እያለች ትመልሳለች። ባለሙያዋ ከቦርሳዋ ውኃ ሰማያዊ ጠፍጣፋ ኬብል ታወጣለች፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ያለፈ ሁሉ የሚያውቀውን ኬብል። አንዱን ጫፍ «ኮንሶል» ተብሎ በተጻፈበት ፖርት ትሰካለች። ሌላው ጫፍ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ የድሮ መሰኪያ ነው፤ የዛሬ ላፕቶፖች ይህን ከተዉት ስለቆዩ መሐል ላይ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ይገባል።

ሰዓት የሚባክነው ብዙ ጊዜ እዚህች ትንሽ አዳፕተር ላይ ነው። ውስጧ ያለው ቺፕ የኤፍቲዲአይ፣ የፕሮሊፊክ ወይም ሲኤች340 የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ አስመስሎ የተሠራም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የለቀቀው ድራይቨር የሐሰተኛ ቺፖችን መለያ ቁጥር ዜሮ እያደረገ ከጥቅም ውጭ አድርጓቸዋል። ተቃውሞ ሲበረታ ድራይቨሩ ተነሣ፤ ግን በዚያ ሳምንት መስክ ላይ የነበረ ስንት ባለሙያ ምንም ያላጠፋ ራውተር ሲመረምር እንደዋለ መገመት አያዳግትም። የፕሮሊፊክ አዳዲስ ድራይቨሮችም አሮጌና ሐሰተኛ ቺፖችን አይቀበሉም። አዳፕተሩን ከቢሮ ሳይወጡ መሞከር፣ ድራይቨሩንም ላፕቶፑ ላይ አስቀድሞ መጫን የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኔትወርክ የሞተበት ክፍል ውስጥ ድራይቨር ማውረድ አይቻልም።

የጅማዋ ባለሙያ ይህን ጨርሳለች። ፑቲ የተባለውን ፕሮግራም ትከፍታለች፤ ሲሪያል ትመርጣለች፤ ዊንዶውስ ለአዳፕተሩ የሰጠውን የኮም ቁጥር ትጽፋለች። ፍጥነት 9600፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ማቆሚያ ቢት። ፍሎ ኮንትሮሉንም ታጠፋለች፤ እሱ ሳይስተካከል ከቀረ ስክሪኑ እየተነበበ የሚጻፈው ግን አልሄድ ሊል ይችላል። ኢንተር ትጫናለች። ትርጉም የሌለው ምልክት ቢዥጎደጎድ ፍጥነቱ አልተገጣጠመም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ 115200 ትሄድ ነበር። አሁን ግን ንጹሕ ጽሑፍ መጣ፦ ስዊቹ አልሞተም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የያዘው ፋይል ተበላሽቶበት በመነሻ ፕሮግራሙ ላይ ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል።

አዲስ ፋይል በዚያው ኬብል መላክ ይቻላል፤ ኤክስሞደም የሚባለው የቆየ ዘዴ ለዚህ ነው ያለው። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ብዙ ሰዓት ያድናል። 20 ሜጋባይት ፋይል በ9600 ፍጥነት ወደ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አስቀድማ የሁለቱንም ወገን ፍጥነት ወደ 115200 ከፍ ካደረገች ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ደንበኛውን እስከ ማታ ያስጠብቃል።

መሰኪያው ቀላል ቢሆንም ሊያዘናጋ አይገባም። የኮንሶል ፖርት መልኩ ከተራው የኔትወርክ ፖርት ጋር አንድ ስለሆነ የተሳሳተ ቀዳዳ ውስጥ መሰካት የተለመደ ነው። የሽቦው አደራደርም ከአምራች አምራች ይለያያል። ከሁሉ የከፋው ዩፒኤስ ላይ የሚደርሰው ነው፦ በቆዩ የኤፒሲ ስማርት ዩፒኤሶች ጀርባ ያለው ባለ ዘጠኝ ፒን መሰኪያ የሲሪያል ፖርት ይመስላል፣ የሚፈልገው ግን የራሱን ልዩ ኬብል ነው። ተራ የሲሪያል ኬብል ከተሰካበት ዩፒኤሱ ሊጠፋ፣ የተሸከማቸውንም ሰርቨሮች በሙሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

«ብሬክ» የሚባለው ምልክትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስመሩን ከአንድ ፊደል ርዝመት በላይ በዜሮ ላይ ማቆየት ማለት ነው። የሲስኮ ራውተር በተነሣ በመጀመሪያው ደቂቃ ይህ ምልክት ከደረሰው ሥራውን ጥሎ ወደ መነሻ ፕሮግራሙ ይገባል፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት መሣሪያ የሚከፈተው በዚህ መንገድ ነው። የራውተሩ የኮንፊግሬሽን ሬጅስተር ቁጥር ወደ 2142 ይቀየራል፣ ራውተሩ የተቀመጠለትን ኮንፊግሬሽን ሳያነብ ይነሣል፣ ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩ ወደ 2102 ይመለሳል። በሰን ማይክሮሲስተምስ የስፓርክ ሰርቨሮች ላይ ግን ብሬክ በሥራ ላይ ያለን ሰርቨር ባለበት ያቆም ነበር። ከሰርቨሮቹ ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሲጠፋ ወይም ሲበራ ሳያስበው ይህን ምልክት ከላከ፣ በመደርደሪያው (ሬኩ) ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። የኮንሶል መሣሪያ ሻጮች ምርታቸው ኃይል ሲቋረጥበት ብሬክ እንደማይልክ በግልጽ ማስታወቅ የጀመሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ራውተርና ስዊች ኮንሶላቸውን ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። ሰርቨር ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ መክፈት አለበት፤ የሚከፈትባቸውም ቦታዎች ሦስት ናቸው፣ አንዱ ከተረሳ ታሪኩ መሐል ላይ ይቆረጣል። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ የኮንሶል ሪዳይሬክሽን ይበራል፤ ያለዚያ ከኃይል ማብራት እስከ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለው ክፍል አይታይም። ቀጥሎ በሊኑክስ ላይ ግሩብ የተባለው ማስነሻ በሲሪያል ፖርቱም እንዲጽፍ ይታዘዛል። በመጨረሻ ከርነሉ መልእክቶቹን ወደ መጀመሪያው ሲሪያል ፖርት በ115200 ፍጥነት እንዲልክ ይነገረዋል። ስክሪንም ሲሪያልም አብረው ሲጻፉለት ዋና ኮንሶል የሚሆነው መጨረሻ የተጻፈው ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ይህ ከተደረገ ሲስተምዲ የሎግኢን መጠየቂያውን በዚያ ፖርት ላይ ራሱ ያስነሣል። ፍጥነቱ ሦስቱም ቦታ አንድ ካልሆነ አንዱ ክፍል ይነበባል፣ ቀጣዩ ትርምስ ይሆናል።

በዘመናዊ ሰርቨሮች ውስጥ ከዋናው ሰርቨር ተለይቶ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ቢኤምሲ ይባላል፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒኢ አይሎ ብለው ይሸጡታል። ሰርቨሩ ጠፍቶ እንኳ ኬብሉ ኃይል ካለው እሱ ነቅቶ ይቆያል። ኢንቴል፣ ዴል፣ ኤችፒና ኤንኢሲ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት አይፒኤምአይ የተባለ መሥፈርት እ.ኤ.አ. በ2004 እትም 2.0 ሲወጣ የሰርቨሩን ሲሪያል መስመር በኔትወርክ አሻግሮ የሚያቀርብ ዘዴ ይዞ መጣ። የቢኤምሲ ጥቅም በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ታይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የለቀቀው የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን በጣለበት ዕለት ጥገናው በአብዛኛው ማሽን በማሽን መሠራት ነበረበት። ቢኤምሲ የነበራቸው ሰርቨሮች ከሩቅ ሊደረስባቸው ቻለ፤ ያልነበራቸው ማሽኖች ሰው ፊታቸው እስኪመጣ ጠበቁ።

አንድ ስዊች ከሆነ ሰማያዊው ኬብል ይበቃል። ሬክ ሙሉ መሣሪያ፣ ወይም አምስት ከተማ ላይ የተበተነ ቅርንጫፍ ላለው ግን ኮንሶል ሰርቨር ያስፈልጋል። ይህ የብዙ መሣሪያዎችን የኮንሶል ኬብል በአንድ ላይ ተቀብሎ ከሩቅ በኤስኤስኤች የሚያቀርብ ሳጥን ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የሚጠቀሙት 16 ሲሪያል ፖርት የነበረውን የሲስኮ 2511 ራውተር ነበር፤ ዛሬ እንደ ኦፕንጊርና ላንትሮኒክስ ያሉ ኩባንያዎች ለዚሁ ብለው ይሠራሉ። በጀት የሌለው ደግሞ አንድ ራስበሪ ፓይ፣ የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ሀብና ጥቂት አዳፕተሮች ይዞ በርካሽ ማዋቀር ይችላል። ሳጥኑ ሌላም ሥራ አለው። መሣሪያዎቹ የሚጽፉትን ሁሉ ቀንና ሰዓት እየጨመረ ይመዘግባል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የወደቀ ሰርቨር ከመውደቁ በፊት የጻፈው የመጨረሻ መልእክት በራሱ ዲስክ ላይ ላይቀር ይችላል፤ በኮንሶል መዝገቡ ላይ ግን ይገኛል። ምክንያቱ ሳይታወቅ «ሪስታርት አድርገነው ተስተካክሏል» ተብሎ የሚታለፈው ብልሽት ብዛት የሚቀንሰው በዚህ መዝገብ ነው።

ሳጥኑ ራሱ በምን መስመር ይደረስበታል? ካናዳ ውስጥ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ መልስ ይሰጣል። ዓርብ ንጋት ላይ ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ የዋና ኔትወርኩን ማሻሻያ ሲሠራ ከራውተሮች ላይ አንድ ማጣሪያ ተነሣ። በማጣሪያው የታገደው የመንገድ መረጃ ጎርፎ ዋናዎቹን ራውተሮች አጥለቀለቃቸው። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያለ ስልክና ኢንተርኔት ቀሩ። ኢንተራክ የተባለው የአገሪቱ የክፍያ መረብ ተቋረጠ፤ ብዙዎች ወደ 911 ደውለው እርዳታ መጥራት አልቻሉም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቶሮንቶም ሱቆች በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሸጥ ያዙ።

ለካናዳ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ የተዘጋጀው የባለሙያዎች ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጣው ግኝት ሊጠና ይገባዋል። ኩባንያው መሣሪያዎቹን የሚያስተዳድርበት ኔትወርክ የተመሠረተው በዚያው በዋናው ኔትወርክ ላይ ነበር። ዋናው ሲወድቅ ማስተዳደሪያውም ወደቀ። ሠራተኞቹም የሚደዋወሉት በራሱ በኩባንያው ስልክ ስለነበር እርስ በርስ መገናኘት እንኳ ተቸገሩ። መንሥኤውን ለማወቅ 14 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ስህተቱ አንድ ማጣሪያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያስቆጠረው ግን ወደ መሣሪያዎቹ የሚያስገባ ራሱን የቻለ መንገድ አለመኖሩ ነው።

ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ይህን መንገድ መሥራት ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቀሏል። ሳፋሪኮም በዚያ ወር በአዲስ አበባ አገልግሎት እስከጀመረበት ድረስ የአገሪቱ የሞባይል መስመር ከሞላ ጎደል በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር፤ መጠባበቂያ ተብሎ የሚገዛው ሲም ካርድም ከዋናው መስመር ጋር አንድ ቤት ያደረ ነበር። ዛሬ የቅርንጫፉ ፋይበር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የኮንሶል ሰርቨሩ የ4ጂ ሞደም የሳፋሪኮምን ሲም፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ መያዝ ይችላል። የሞባይል ሲም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ ስለማይሰጠው፣ ሳጥኑ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ በተመሰጠረ መስመር ከዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ ካለ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ እንዲቆይ ይደረጋል። ኃይሉም ከራሱ ባትሪ ይምጣ። መብራት ሲሄድ ከስዊቹ ጋር አብሮ የሚጠፋ መጠባበቂያ የተገዛለትን ሥራ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ አዲስ በር እየተከፈተ መሆኑ መረሳት የለበትም። የይለፍ ቃል የጠፋበትን ራውተር የሚከፍተው ኬብል ለሌባም ያገለግላል፤ ስለዚህ የሬኩ ቁልፍ ያለበት እጅ መታወቅ አለበት። በኮንሶል ገብቶ ሳይወጣ ኬብሉን የነቀለ ባለሙያ ለሚቀጥለው ሰው የተከፈተ መሣሪያ ትቶ ይሄዳል፤ ሲስኮ ሥራ የቆመበትን መስመር በ10 ደቂቃ የሚዘጋው ይህን ለመከላከል ነው፣ «አስቸገረኝ» ብሎ ያን ገደብ ማንሣት ጥፋት ነው። ቢኤምሲን ለኢንተርኔት ማጋለጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በአይፒኤምአይ እትም 2.0 አሠራር ሰርቨሩ የጠያቂው ማንነት ሳይረጋገጥ ከይለፍ ቃሉ የተሰላ አሻራ አሳልፎ ይሰጣል፤ አጥቂ ያንን ይዞ ሄዶ በራሱ ማሽን ላይ ይፈታዋል። ጉድለቱ የመሥፈርቱ የራሱ ስለሆነ በይለፍ ቃል ጥንካሬ ብቻ አይታመንም። ቢኤምሲ በተለየ፣ በተዘጋ ኔትወርክ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

በተቃራኒው የሚሠራ ስህተትም አለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የራውተር መግቢያቸውን በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ያስፈትሻሉ፤ ጥሩ አሠራር ነው። ኔትወርኩ ሲወድቅ ግን ራውተሩ ያን ሰርቨር አያገኘውም። ባለሙያው ኬብሉን ሰክቶ፣ መጠየቂያው ከፊቱ መጥቶለት፣ የራሱ የይለፍ ቃል አላስገባ ይለዋል። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ቢያንስ አንድ የውስጥ አካውንት መኖር፣ የይለፍ ቃሉም ኔትወርክ በማያስፈልገው ቦታ፣ ለምሳሌ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ፣ መቀመጥ አለበት።

የሰርቨር ክፍል በኃላፊነት የያዛችሁ አንባቢያን፣ መሥሪያ ቤታችሁ በሚዘጋበት አንድ እሑድ ዋናውን መስመር በገዛ እጃችሁ ንቀሉትና በኮንሶል መስመሩ ብቻ ወደ እያንዳንዱ ራውተር፣ ስዊችና ሰርቨር ለመግባት ሞክሩ። ያልገባችሁበትን መሣሪያ ጻፉት፤ የጎደለውን ኬብል፣ የተሳሳተውን ፍጥነት፣ የተረሳውን የይለፍ ቃል በዚያው ሳምንት አሟሉ። ከስድስት ወር በኋላም ድገሙት።